የመዳብ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ የውሃ ፓምፕ

መርካቶ ወርዳችሁ የውሃ ፓምፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ከቤት አትውጡ። የምጽፈው የተቃጠለውን ፓምፕ መኪና ውስጥ እንደጫንኩ ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። ምድር ላይ ባለው ታንከር ይጠራቀምና ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ የሚወጣው በፓምፕ ነው። የቀድሞው ፓምፓችን አርጅቶ ሲቆም አዲስ መግዛት የግድ ሆነ። መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። «ግቢ የኔ እናት፣ የጣሊያን አለ፣ የቻይና አለ፣ ለቤትሽ የሚበቃውን እኔ ልምረጥልሽ።» ቀጥሎ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» በደረሰኝ ስል የደረሰኝ ማሽኑ ተበላሽቶ ለጥገና ሄዷል፣ ነገ ብቅ ብለሽ ውሰጂ። እስከዚያው ብሎ የፓምፑን ዓይነትና 9,500 ብር የሚል ቁጥር የሞነጫጨረባት፣ ማኅተም የሌላት ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ።

«የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ መዳብ ነው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ፓምፕ የኋላ ክዳን ፈትቶ አሳየኝ። የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አደረገው፤ ከቀለሙም ሥር ቀይ ነው። «ይኸው፣ በዓይንሽ አየሽ!» አለኝ። የተሰጠኝ ግን ያ የተፈታው አይደለም። አንድ ልጅ ከላይ ከመጋዘን በፕላስተር የታሸገ ካርቶን አወረደ፤ ተሸክሞም መኪናዬ ድረስ አደረሰልኝ። ጉርሻ ሰጠሁት፣ እሱም መረቀኝ።

የቧንቧ ሠራተኛችን እንደ ደንቡ ነው የገጠመው። መብራቱን ከብሬከሩ አጠፋ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት አስተነፈሰ፣ ክሩን ቴፍሎን ጠመጠመበት፣ ከማስነሳቱም በፊት የፓምፑን ሆድ ውሃ ሞላው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ባለሱቆቹ ሁልጊዜ «በደረቁ አስነስታችሁት ነው» ስለሚሉ ነው። ሳምንት ሳይሞላው አንድ ሌሊት የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። የጥቅልሉ ሽፋን ቀልጦ ሽቦው ከፓምፑ ብረት ጋር ተገናኝቷል። የመሬት ሽቦው በትክክል ተዘርግቶ ስለነበር ብሬከሩ ወረደ እንጂ፣ ልጆቼ በባዶ እግራቸው በሚረግጡት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ 220 ቮልት የተሸከመ ብረት ቆሞ ሊያድር ነበር።

ሞተር የሚጠመጥም ባለሙያ ዘንድ ወሰድነው። ፈታው፣ ሽቦውን ፋቀው። ከቀዩ ቀለም ሥር ነጭ ነው፤ አሉሚኒየም። በአንድ ዓይነት ውፍረት አሉሚኒየም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ከመዳብ በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቶሎ ይግላል። እርግጥ አሉሚኒየም መሆኑ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ሽቦው ወፈር ተደርጎ፣ ስሙም ዋጋውም የአሉሚኒየም ሆኖ ቢሸጥ የሚገዛ ይገዛዋል። ይህ ግን ቀይ ቀለም ተቀብቶ በመዳብ ዋጋ የተሸጠ ነው።

ዛሬ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ባለሱቁ ስልክ እያወራ ነበር፤ ካርቶኑን ፊቱ ሳስቀምጠው እንኳ አላቋረጠም። ሲጨርስ ወረቀቷን ተቀብሎ ገልብጦ ጀርባዋን አየና «ማኅተም የታለ? ይህ የእኛ ጽሑፍ አይደለም» አለኝ።

«ደረሰኙን ነገ ውሰጂ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ሴትዮ፣ እዚህ ተራ ላይ ስንት ሱቅ አለ? ተሳስተሽ ነው፣ ቀጥሎ ያለውን ጠይቂ።»

በዚህ መሃል ያ ልጅ ከመጋዘኑ ደረጃ ወረደ። ደስ አለኝ፤ ምስክሬ መጣ አልኩ። ባለሱቁ ቀደመኝና «አንተ፣ ይህን ዕቃ ታውቀዋለህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ አየኝ። ያየው እኔን ነው፣ ፓምፑን አልነበረም። ከዚያ አቀርቅሮ «አላውቀውም ጋሼ» አለ።

በልጁ አልፈርድም፤ እንጀራው ነው። ባለሱቁ ግን ፈገግ አለ። እያየሁት ሌላ ገዢ ገባና «ግባ የኔ ወንድም» ብሎ ያንኑ የናሙና ፓምፕ ስቦ፣ ያንኑ ክዳን ይፈታለት ጀመር! እኔ ፊቱ ቆሜ፣ የተቃጠለው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ! «ወንድሜ፣ ካርቶን ውስጥ ያለውን አስከፍት!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛ ተጠራና «ሴትዮዋን አስወጣልኝ» ተባለ። ሰውየውም ሳይገዛ ወጣ፤ ከ9,500 ብሬ ያተረፍኩት ይህንኑ ነው።

ነገ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ለማስለወጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ መብት ይሰጣል። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ነው ማሽኑ ሁልጊዜ ጥገና ላይ የሚሆነው። የማሽን ደረሰኝ እጃችሁ ሳይገባ ብር አትቁጠሩ። ናሙናውን ተዉትና ወደ ቤት የምትወስዱት ራሱ ይፈታ፣ ሽቦውም ይፋቅ። በእጃችሁም መዝኑት፤ አሉሚኒየም ከመዳብ ክብደት ሲሶውን ያህል ብቻ ስለሆነ ከናሙናው ቀለል ካለ ተጠራጠሩ። «ሶኬት ላይ ሰክተን እናስነሳልሽ» ቢሏችሁም እሺ አትበሉ፤ የአሉሚኒየሙም እዚያው ሱቅ ውስጥ አሳምሮ ይዞራል፣ ያለ ውሃ የዞረ ፓምፕ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ማሸጊያ (ሲል የሚሉት) ተቃጥሎ ቤት ሲደርስ ያፈሳል።