የእግር ሥራ ሲታደስ፦ አዲስ ካያባ፣ ዩዝድ፣ ኮፒ ወይስ የተሞላ አሞርዛተር?

አዳማ ውስጥ ብዙ የተነዳ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ያለው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ አሞርዛተሩን (የሞላውን መዝለል የሚያረጋጋውን የእግር ዕቃ) በምን ልቀይረው? ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ሸጦ ሌላ ከመግዛት ያለውን አድሶ መንዳት የብዙ ሰው ምርጫ ሆኗል። ገበያ ላይ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው፦ አዲስ ኦሪጅናል፣ ከውጭ ተፈትቶ የመጣ ዩዝድ፣ አዲስ ኮፒ፣ እና የራስን አሮጌ ከፍቶ ዘይት ማስሞላት። የኔ መልስ ከወዲሁ ይታወቅ። ለፊት የጃፓኑ አምራች የካያባ (KYB) አዲስ ኦሪጅናል በጥንድ፣ አሞርዛተሩን ከላይ ከመኪናው አካል ጋር ከሚያገናኘው የላይኛው ጎማና ከአቧራ ሽፋኑ ጋር፣ በአንድ መፍታት። ዩዝድ ለሞላ (ስፕሪንግ) እንጂ ለፊት አሞርዛተር አይሆንም። ኮፒ በነጻ ቢሰጥ እንኳ የእጁን ዋጋ አያወጣም። ማስሞላት ጭራሽ አይታሰብ።

ግን ብር ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ጥፋቱ የአሞርዛተር መሆኑን አረጋግጡ። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲነዳ ከፊት ገጭ ገጭ የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ እንዳይጋደም የሚይዘውን ዘንግ ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ። ዋጋው ከአሞርዛተር ጋር የማይወዳደር፣ ሁለት ዳዶ ተፈትቶ የሚወጣ ዕቃ ነው። ለመለየት የሁለቱንም ጎን ሊንክ ፍቱና እዚያው ኮብልስቶን ላይ በዝግታ አንድ ዙር ንዱ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የሊንኩ ነው። ሊንኩ ሳይታሰር ግን በፍጥነት አይነዳም፤ መኪናው መታጠፊያ ላይ ይጋደማል። ድምፁ መሪ ሲዞር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መኪናው እንደቆመ አንድ ሰው መሪውን ያዙር፣ እናንተ መዳፋችሁን ከውጭ በኩል ሞላው ላይ አሳርፉ። ሞላው ከመሪው ጋር በለስላሳው መዞር ሲገባው ተይዞ ይቆይና ድንገት ዘሎ ከተለቀቀ፣ ያለቀው የላይኛው ኩሽኔታ ነው።

አሞርዛተር ሲያልቅ ድምፅ ከማሰማቱ በፊት ጎማ ይበላል። በጎማው ጥርስ ላይ እጃችሁን ስታስኬዱ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ የሚል ከሆነ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ሲዘል ከርሟል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ነፋስ ከጎን ሲገፋው መኪናው ቶሎ አይረጋም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት አገር ስለሆነ ይህን የአዳማ ሹፌር ቀድሞ ያውቀዋል። ዘይትን በተመለከተ፣ ዘንጉ ከሚገባበት አፍ አካባቢ ላብ የመሰለ ስስ ዘይት ጤነኛ አሞርዛተር ላይም ይታያል። ወርዶ የታችኛውን አካል አርሶ፣ አቧራው ጭቃ ከሆነበት ግን አልቋል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ስለማይረጋ፣ እዚህ የሚጻፍ የብር ቁጥር ሳትገዙ ያረጃል። የማያረጀው አሰላሉ ነው። የዕቃውን ዋጋ ብቻውን ሳይሆን የአንድ ጊዜ መፍታትን ሙሉ ወጪ አስሉ። ለስሌት ያህል የኮፒው የፊት ጥንድ 10 ይሁን፣ ኦሪጅናሉ 22፣ የእጅ ዋጋ 3፣ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) 2። የዕለቱን ብር በቦታው ተኩበት። ኮፒው ተገጥሞ 15 ይወጣል፣ ኦሪጅናሉ 27። የ12 ልዩነት ያስፈራል። ኮፒው አንድ ጊዜ ከተበላሸ ግን ዕቃው፣ እጁና አላይመንቱ እንደገና ይከፈላሉ፤ 30 ገባ ማለት ነው። የተበላው ጎማ ገና አልተቆጠረም። በመኪናው ለሚሠራ ሰው ደግሞ ጋራዥ የዋለበት ቀን ገቢም አልተቆጠረም። በዚህ ስሌት ኮፒ የሚያዋጣው መኪናውን በቅርቡ ሊሸጥ ላሰበ ብቻ ነው፤ እሱም ለገዢው በደል ነው።

ሻጭ ዋጋ ሲጠራ ወዲያው የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የአንዱ ነው የጥንዱ? ከላይኛው ጎማ ጋር ነው ብቻውን? ካልገጠመ ይመለሳል? ይህ ሳይጣራ የሁለት ሱቅ ዋጋ ማወዳደር ከንቱ ነው። አንዱ ርካሽ የመሰለው የነጠላ ዋጋ ስለጠራ ነው። ሦስት ሱቅ በአንድ ቀን ጠይቁ፤ በሳምንት ልዩነት የተጠየቀ ዋጋ አይወዳደርም። አዲስ አበባ ሄዶ ከመርካቶ ወይም ከሶማሌ ተራ መግዛትም የሚያዋጣው ሙሉ ስብስቡን አንድ ላይ ለሚገዛ ነው። ለአንድ ጥንድ ሊንክ የፈጣን መንገዱ ክፍያና ነዳጁ ትርፉን ይበላዋል።

ስትጠይቁ የመኪናውን ስም ሳይሆን የዕቃውን ቁጥር ያዙ። የቶዮታ ቁጥር የመጀመሪያ አምስት አሃዞች ዕቃውን ይነግራሉ፦ 48510 የቀኝ ፊት አሞርዛተር፣ 48520 የግራ፣ 48609 የላይኛው ጎማ፣ 48820 ሊንክ፣ 48068 እና 48069 የቀኝና የግራ ሎወር አርም (ጎማውን ከታች ከአካሉ ጋር የሚይዘው ክንድ)። ከሰረዙ በኋላ ያሉት አምስቱ ሞዴሉን ይለያሉ። የራሳችሁን መኪና የሻንሲ ቁጥር ፎቶ ስልክ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። «የቪትዝ ነው» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ የሌላ ትውልድ ቪትዝ ሊሆን ይችላል።

ኮፒና ፎርጅድ

ኮፒ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ቢያንስ ማንነቱን አይደብቅም። ሁለተኛው የካያባን ሳጥን ለብሶ የሚመጣው ነው፤ አደገኛው ይኼ ነው፣ ምክንያቱም የኦሪጅናል ብር ያስከፍላል። ኤክሴል ጂ የሚባለው የካያባ ዓይነት ባለ6 አሃዝ ቁጥር አለው፣ በ3 ይጀምራል። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር አካሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የፍሬን ቱቦውና የሊንኩ ማሰሪያ በቀኝና በግራ ተቃራኒ ስለሚዞሩ የፊቶቹ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል። ሁለቱም ሳጥኖች አንድ ቁጥር ይዘው ከመጡ አትክፈሉ፣ አጣሩ። ማሰሪያዎቹ የተበየዱበትን ቦታ እዩ፤ ብየዳው ወጣ ገባ ካለና ፍንጣሪው ሳይጸዳ ቀለም ከተቀባ ፋብሪካው ምን እንደሚመስል ይታወቃል። ከዚያ አሞርዛተሩን አቁሙትና ዘንጉን እስከ ታች ተጫኑት። ጋዝ ያለው ሲለቀቅ በራሱ፣ በዝግታና በእኩል ፍጥነት ይወጣል። እዚያው ተቀምጦ ከቀረ ጋዝ የለውም። መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ቆሞ ድንገት ዘሎ ከወጣም አትውሰዱት።

ኮፒ ላይ ቀድሞ የሚሞተው «ኦይል ሲል» የሚባለው፣ ዘንጉ በሚገባበት አፍ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ነው። ጎማው ሙቀት ሲደጋገምበት ይደርቃል፣ የዘንጉ ክሮም ስስ ስለሆነ ትንሽ አቧራ ይፍቀዋል፣ የተፋቀው ዘንግ ደግሞ በወጣ በገባ ቁጥር ሲሉን ይቆርጠዋል። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ይህን ያፋጥነዋል።

ዩዝድ ሲሆን

የጃፓን ዩዝድ መልካም ስም አለው፤ ለብዙ ዕቃም ይገባዋል። አሞርዛተር ግን ውስጡ ዘይት፣ ቫልቭና ጎማ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራ የሚናገር የለም። ታጥቦ ቀለም ከተቀባ ዘይት ማፍሰሱም አይታይም። የግድ ከሆነ ለኋላ፣ ያውም ሞላውና አሞርዛተሩ ተለያይተው በሚቀመጡባቸው እንደ ያሪስ ባሉ መኪኖች፣ ምክንያቱም ቢበላሽ መልሶ መፍታቱ ቀላል ነው። ስትፈትሹት አቁማችሁ ጥቂት ጊዜ ወደ ላይም ወደ ታችም አመላልሱት። አቅጣጫ ሲቀየር እጃችሁ ለቅጽበት ባዶ ቦታ ካገኘ ዘይቱ ጎድሏል። በዘንጉ ላይ ጥፍራችሁን አስኪዱ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ሲሉ አይቆይም።

ሞላ ግን ሌላ ነገር ነው። ብረት ስለሆነ ካልተሰበረ፣ ካልዛገና ካልተኛ ዩዝድ ሞላ አዲስ ከሆነ ኮፒ ሞላ ይሻላል። መኪናው መጎንበሱን ለማወቅ በሜዳ ላይ አቁማችሁ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሁለቱም ጎን ለኩ። ልዩነት ካለ ሞላው ይቀየር እንጂ በጥምዝምዙ መሀል ጎማ አይሰካበት። የተሰካው ጎማ አንዱን ጥምዝ ከሥራ ያስወጣዋል፤ ቀሪዎቹ ከአቅም በላይ ይሠራሉ፣ ሞላው አጠገቡ ይሰበራል።

ማስሞላትን በአጭሩ፦ አካሉ ተበስቶ ዘይት ይገባበትና ይበየዳል። የሚገባው ዘይት ዓይነትና መጠን በግምት ነው፣ ጋዙ አይመለስም፣ ያፈሰሰው ሲል አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ሲጠነክር ጥሩ ይመስላል፤ ያፈሰሰበት ምክንያት ግን እዚያው አለ።

ካያባ ከተገዛ የትኛው?

ለዕለት መኪና ኤክሴል ጂ። ሁለት ቱቦ ያለውና ዝቅተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን የተሞላበት ነው። ኮብልስቶን ላይ ዘንጉ ያለ ዕረፍት ሲመላለስ ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ የሚያግደው ይህ ጋዝ ነው፤ አረፋ የሠራ ዘይት መኪና አይዝም። በዘይት ብቻ የሚሠራው ፕሪሚየም ለስላሳ ነው፣ ለከተማ ዝግታ ይበቃል፤ ፈጣን መንገዱን ለሚመላለስ ግን ልዩነቱን ጨምሮ ጋዙን መውሰድ ይሻላል። ጋስ ኤ ጀስት የሚባለው ባለነጠላ ቱቦ ጠንካራ ነው፤ ለኮብልስቶን ሰፈር አልመክረውም። በቶዮታ ሳጥን ለሚመጣው ተጨማሪ ብር መክፈልም አያስፈልግም፤ ለቶዮታ ከሚያቀርቡት አንዱ ራሱ ካያባ ነው።

ቁጠባ ያለው እግሩ አንዴ ሲፈታ ነው። ሞላው ከተጨመቀ የላይኛው ጎማና ኩሽኔታው፣ የአቧራ ሽፋኑና ማቆሚያ ጎማው (አሞርዛተሩ እስከ ታች ሲጨመቅ ግጭቱን የሚቀበለው) እጃችሁ ላይ ናቸው፤ ተጨማሪ የእጅ ዋጋ የላቸውም። አዲስ ካያባን በተቀደደ የአቧራ ሽፋን መግጠም ዋናውን ብር አቧራ እንዲበላው መስጠት ነው። ገጠማ ላይ ቆማችሁ ተከታተሉ። ሱቅ ውስጥ ተጋድሞ የከረመ አሞርዛተር ከመገጠሙ በፊት ቆሞ አራት አምስት ጊዜ ይመላለስ፣ የገባው አየር እንዲወጣ። ሞላ በሽቦ ወይም በሰንሰለት ታስሮ አይጨመቅ፤ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ሁለቱ መጭመቂያዎች ፊት ለፊት ተቃርነው ይያዙ። መካኒኩ የላይኛውን ዳዶ ለማጥበቅ ዘንጉን በፒንሳ ሊይዝ ሲል አስቁሙት። አንድ የፒንሳ ጥርስ ምልክት አዲሱን ሲል ለመግደል ይበቃል። ዘንጉ ከጫፉ በቁልፍ ይያዛል።

ሎወር አርሙን በተመለከተ፣ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ ጎን ከሳበ ወይም ጎማው በውስጥ በኩል ከተበላ የኋለኛውን ቡሽ (አርሙ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበትን ጎማ) በረጅም ብረት ገፋ አድርጋችሁ እዩ፤ ስንጥቁ ያኔ ይከፈታል። ቦል ጆይንቱ (አርሙን ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ጤነኛ ከሆነ ኦሪጅናል ቡሽ ገዝቶ በፕሬስ ማስገባት ሙሉ ኮፒ አርም ከመግዛት ይሻላል። አሮጌው ከመውጣቱ በፊት አቀማመጡ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ቡሹ ውስጥ ያለው ክፍተት አቅጣጫ አለው። ቶርኖ ቤት ከጎማ የሚቆረጠው ቡሽ ደረቅ ነው፣ ንዝረቱን ወደ አካሉ ያሳልፋል። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው የአርሙ ቡሎን ነው። መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ አዲስ ቡሽ ቶሎ የሚቀደድበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። ላላ ብሎ ይገጠም፣ መኪናው በአራት ጎማው ይቁም፣ ከዚያ ይጥበቅ።

ብር ካነሰ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቦል ጆይንት ከላላ ዛሬውኑ፤ ከወጣ ጎማው ይታጠፋል። ቀጥሎ ሊንክና ቡሽ፣ ቀጥሎ የፊት አሞርዛተር ሙሉ፣ መጨረሻ የኋላው። አንዱን ጎን ብቻ መቀየር አያድንም፤ አዲሱና አሮጌው በፍሬን ላይ እኩል አይዙም።

አላይመንት ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ይሠራል። አሞርዛተሩን ከጎማው ጋር የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች ከመፈታታቸው በፊት ቦታቸው በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ እዚያ የምትመጣ ትንሽ ለውጥ የጎማውን ዘንበል ትቀይራለች። የጎማ ዳዶ ማጥበቂያ ልክ በእነዚህ ቶዮታዎች 103 ኒውተን ሜትር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የሊንኩንና የላይኛውን ጎማ ዳዶዎች አስፈትሹ፣ አዲሱ ዘንግ አፍ ላይ ዘይት አለመኖሩንም እዩ፤ ካለ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ተመለሱ።