«ብሊትስሜደል፣ ፓሪስ 1942» የሚል አልበም ካያችሁ ቆም በሉ

280 ዩሮ ተበልቻለሁ። መጀመሪያ ይህን ልናገርና ይውጣልኝ።

እዚህ ፍራንክፈርት አሮጌ ፎቶ የምናሳድድ ሐበሾች ጥቂት አይደለንም። አንዳንዱ የጣሊያን ወታደሮች ከአገራችን ይዘውት የሄዱትን አልበም ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለቲያትር እሰፋለሁ። ባለፈው ክረምት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ጦር በረዳትነት የሠሩ ሴቶች የሚታዩበት ተውኔት መጣብን። ኮታቸው እንዴት እንደተቆረጠ፣ ኪሱ የት እንደዋለ፣ ጉርዱ ከጉልበት ምን ያህል እንደወረደ ማየት ነበረብኝ። ለዚህ መጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል አይረዳም። የልብስ እጥፋት የሚታየው ለብሶት የቆመ ሰው ላይ ነው። እህቴ «ያንን የናዚ ምልክት ቤትሽ ታስገቢያለሽ?» ብላ ተቆጥታኛለች። አልፈርድባትም። አልበሙ አሁንም ከስፌት መኪናዬ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው ያለው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። የጀርመን ምድር ጦር የመገናኛ ረዳት ሴቶችን ያደራጀው በ1940 ነው። ስልክ ያገናኛሉ፣ ቴሌፕሪንተር (ጽሑፍ በሽቦ የሚልክ መኪና) ይመታሉ፣ በሬዲዮ መልእክት ይቀበላሉ። ማሠልጠኛቸው ጊሰን ነበር፤ ከእኛ ከተማ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ልብሳቸው ግራጫ ነው። ግራ ክንዳቸው ላይ የመብረቅ ምልክት አለ። ሰዉም ከዚያ ተነስቶ «ብሊትስሜደል» አላቸው፣ የመብረቅ ልጃገረዶች እንደ ማለት። ፈረንሳዮች ደግሞ በልብሳቸው ቀለም «ግራጫ አይጦች» ብለው ይጠሯቸው ነበር። አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉም የየራሳቸው ሴቶች ነበሯቸው። ኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ክንፍ) በ1942 አልዛስ ውስጥ ለራሱ ረዳቶች ትምህርት ቤት ከፍቷል። በጠቅላላው ጦሩን ያገለገሉት ሴቶች ግማሽ ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። በሕግ ግን ወታደር አልነበሩም።

ሻጮች የሚነግዱት እዚህ ጋ ባለው ክፍተት ነው። በዚያን ጊዜ ዩኒፎርም ያልለበሰች የጀርመን ወጣት ማግኘት ከባድ ነበር። የቀይ መስቀል ነርሷ፣ የትራም ትኬት ቆራጯ፣ የልጃገረዶች ማኅበሯ አባል፣ የሥራ ግዳጅ ላይ ያለችው ሁሉም ዩኒፎርም አላቸው። የእነዚህ ፎቶ በፍሎማርክት (በአሮጌ ዕቃ ገበያ) በ2 እና በ3 ዩሮ ይገኛል። እኔ ራሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር ከካርቶን ውስጥ እየለቀምኩ ገዝቻለሁ። «ብሊትስሜደል» የሚል ርዕስ ሲለጠፍበት ግን ዋጋው ይወጣል። «ፓሪስ» ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። «ኤስኤስ» ከተባለማ አይጠየቅም።

የእኔው አልበም ኢንተርኔት ላይ የወጣው እንዲህ ተብሎ ነበር፦ «ብሊትስሜደል፣ ፓሪስ 1942፣ ኦሪጅናል አልበም፣ 41 ፎቶ፣ ከቤተሰብ የተገኘ።» ሻጩ የተሰጠው አስተያየት ሁሉ ጥሩ ነው። ስጠይቀው በትሕትና ይመልሳል። «የአያቴ ነው» አለኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ነውና፣ «ኮሚሽን እንዳይቆረጥብን በፔይፓል ለጓደኛና ለቤተሰብ በሚለው ላኪልኝ» ሲለኝ ላክሁ። በዚያ መንገድ የተላከ ብር የገዢ ጥበቃ የለውም። ይህን አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው ስመክርም ኖሬአለሁ። ግን ላክሁ።

አልበሙ ሲመጣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጥቁር ወፍራም ወረቀት፣ በየገጹ መሃል ስስ ብራና መሳይ ወረቀት፣ የድሮ ቁም ሣጥን ሽታ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ዓይኔ አንድ ነገር ያዘ። ፎቶው ትንሽ ነው። ዙሪያው ያለው ጥቁር ወረቀት በዘመን ብዛት ገርጥቷል፣ ከፎቶው ጠርዝ ቀጥሎ ግን አንድ ጣት የሚያህል ያልገረጣ ጥቁር ክፈፍ አለ። ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተሰቀለ ሥዕል ሲወርድ የሚተወው ዓይነት ምልክት። ማለትም እዚያ ቦታ ላይ ለብዙ ዓመታት የኖረው ፎቶ ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ፎቶ ነበር። ገለጥኩ። አምስት ገጽ ላይ እንዲሁ ነው። የተሻለው ተነቅሎ ለብቻው ተሽጧል፣ ቀዳዳው በሌላ ተሞልቷል።

በነጭ እርሳስ የተጻፉት የፎቶ መግለጫዎች በድሮው የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ናቸው። እኔ አንድም ፊደል አይገባኝም። ከበላዬ የሚኖሩ ሰማንያ ያለፋቸው ጎረቤት አሉኝ፣ የእናታቸውን ደብዳቤ ሲያነቡ ያደጉ ናቸው። ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸውን ወረቀቱ ላይ ሊያስነኩ ምንም ሳይቀራቸው ማንበብ ጀመሩ። «ድንች ለቀማ።» ገጹን ገለጡ። «የመጀመሪያው የልብስ ማጠቢያ ቀን።» ገለጡ። «ባለ እርሻዋና ሦስቱ ልጆቿ።» ቀና ብለው አዩኝና «ፓሪስ ውስጥ ድንች ይለቀማል እንዴ?» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ እንኳ የሳቅሁት ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ነው።

አልበሙ የሥራ ግዳጅ አልበም ነው። ከሴፕቴምበር 1939 ጀምሮ ለወጣት ሴቶች ግዴታ ሆኖ፣ ስድስት ወር ካምፕ እያደሩ በገበሬ ቤትና እርሻ ላይ ይሠሩ ነበር። በኋላ በ1941 ላዩ ላይ ሌላ ስድስት ወር የጦርነት እገዛ ተጨመረበት፤ በዚህኛው ትራምም፣ ፋብሪካም፣ ሆስፒታልም ተላኩ። እንግዲህ ልብሱን ላስረዳችሁ፣ ይህ የእኔ ሙያ ነው። የሥራ ግዳጆቹ የክብር ልብስ ቡኒ ነው። የመገናኛዎቹ ግራጫ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው! ሻጩ የሚጫወተው በዚህ ነው። ስለዚህ ቀለሙን እርሱት፣ አንገትና ራስ ላይ እዩ። የግዳጇ ልጅ ኮሌታዋ ላይ ክብ ብሮሽ (በመርፌ የሚሰካ ጌጥ) አላት፣ በላዩ ላይ ሁለት የእህል ዛላ አለበት። ራሷ ላይ ዙሪያውን ጠርዝ ያለው ለስላሳ ባርኔጣ ታደርጋለች። እርሻ ላይ ከሆነች ደግሞ ሰማያዊ የሥራ ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥና ቀይ ሻሽ ነው። ሻሹ ፎቶው ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። የመገናኛዋ ሴት ግን ጀልባ መሳይ የወታደር ቆብ አላት፣ ክንዷ ላይ መብረቁ አለ፣ ቀኝ ደረቷ ላይ የጦሩ ንስር።

ከ41ዱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ እውነትም የመብረቅ ልጃገረዶች ይመስላሉ። ሻጩ ለማስታወቂያው ያወጣቸውም እነሱኑ ነበር።

አንደኛው ፓሪስ መንገድ ላይ የሚሄዱ ሴቶች ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ነው። የእውነተኛ ፎቶ ጥላ እንደ ጭስ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ነጥብ በነጥብ አይሆንም። ይህ ከፕሪንተር የወጣ ነው። ምስሉን ኢንተርኔት ላይ ስፈልገው የጀርመን ፌዴራል መዝገብ ቤት ስብስብ ውስጥ አገኘሁት። መዝገብ ቤቱ በ2008 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ለዊኪሚዲያ ለቋል፤ ማንም ሰው ምንጩን ጠቅሶ በነፃ ሊጠቀምባቸው ይችላል። በነፃ የሚገኘውን ነው በዩሮ የገዛሁት።

ሁለተኛው ይባስ። ቆንጆ ልጅ ናት፣ ስቱዲዮ ውስጥ ቆማለች። ግን መብረቁ ቀኝ ክንዷ ላይ ነው፣ ንስሩ ግራ ደረቷ ላይ። ቦታቸውን ተለዋውጠዋል። ሲታተም ምስሉ ተገልብጧል ማለት ነው። ጀርባውን ሳዞረው የፎቶ ቤት ማኅተም አለ፤ አድራሻው «6300 ጊሰን» ይላል። ባለ አራት አኃዝ የፖስታ ቁጥር ምዕራብ ጀርመን የጀመረው በ1961 ነው። 1942 ላይ 6300 የሚባል ጊሰን የለም። ማኅተሙን ያስቀረጸው ሰው ለማስመሰል ብዙ ደክሞ በፖስታ ቁጥር ተያዘ። ወይም ቅጂው ከጦርነቱ በኋላ የታተመ ነው። ያም ሆነ ይህ «ኦሪጅናል 1942» አይደለም።

የገንዘብ ኖት መፈተሻዋ ትንሽ ሰማያዊ መብራትም ትረዳለች፤ ጥቂት ዩሮ ናት። ጨለማ ክፍል ውስጥ የፎቶውን ጀርባ አብሩበት። ከ1950ዎቹ ወዲህ ወረቀትን የሚያነጣ ኬሚካል ስለሚጨመር አዲሱ ወረቀት እንደ ታጠበ ነጭ ሸሚዝ ቦግ ይላል፤ የጦርነቱ ዘመን ወረቀት ግን ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ካልበራ ግን የግድ አሮጌ ነው ማለት አይደለም፣ ሁሉም አዲስ ወረቀት አይበራም። ከበራ ግን 1942 አይደለም፣ በዚህ አትከራከሩ።

አንዳንድ ሰው «ፎቶው እውነተኛ እስከሆነ ድረስ ማንነቷ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። ያደርጋል እንጂ። በ1946 አንድ የአሜሪካ መኮንን እዚሁ ፍራንክፈርት ውስጥ ከተተወ አፓርታማ አንድ አልበም አገኘ። በ2007 ዋሽንግተን ለሚገኘው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየም ደረሰ። የካርል ሄከር አልበም ነበር፣ የኦሽዊትዝ የናዚ ሞት ካምፕ አዛዥ ረዳት የነበረው ሰው። 116 ፎቶ አለው። አንዱ ገጽ ላይ የኤስኤስ መገናኛ ሴቶች አጥር ላይ ተደርድረው ብሉቤሪ ይበላሉ፣ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው አጠገባቸው አለ። ሥሩ ላይ ቀን ተጽፏል፦ ጁላይ 22፣ 1944። ከኦሽዊትዝ ሩቅ ባልሆነ የመዝናኛ ቤት ነው። ቀኑና የገጾቹ ቅደም ተከተል ባይኖሩ ኖሮ ያ ሥዕል ሽርሽር የወጡ ሴቶች ነው ተብሎ ያልፍ ነበር። ለዚህ ነው ገጽ እየገነጠሉ፣ መግለጫ እየፋቁ የሚሸጡ ሰዎች የሚያናድዱኝ። የሚያጠፉት የእኔን 280 ዩሮ ብቻ አይደለም።

ስለ ሕጉም ትንሽ። ጀርመን ውስጥ የናዚ ምልክት በአደባባይ ማሳየት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 86ሀ ይከለከላል፤ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ገንዘብ ነው። ለታሪክ፣ ለትምህርትና ለሥነ ጥበብ ሲሆን የተለየ ነው። ስለዚህ የገዛችሁትን ፎቶ «እዩልኝ» ብላችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ሻጮችም በዚሁ ሕግ ምክንያት ምልክቱ ላይ ወረቀት ለጥፈው ነው ፎቶ የሚያነሱት። ያ ያባት ነው። ግን የተለጠፈው ነገር ደረትና ክንድ ሙሉውን ከሸፈነ ጠርጥሩ፤ ማንነቷ የሚታወቅበት ቦታ እሱ ነውና። የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ። «አልበሙ ታሽጓል፣ አሁን ማውጣት አልችልም» ካላችሁ እናንተም ብራችሁን አታውጡ።

ኢንተርኔት ላይ ከነጋዴ ስትገዙ 14 ቀን ውስጥ መመለስ መብታችሁ ነው። ከግለሰብ ከሆነ ያ መብት የለም፤ ብዙዎቹም «ተመላሽ የለም» ብለው ይጽፋሉ። ሆኖም እያወቀ የውሸት መግለጫ የጻፈ ሰው በዚያች ዓረፍተ ነገር አያመልጥም። እኔ የማኅተሙን፣ የነጠብጣቡንና ፎቶ የተነቀለበትን ገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፣ ጠበቃ እንደማናግርም ጻፍሁ። ሁለት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ ያለ አንዲት ቃል 100 ዩሮ መለሰ። ቀሪው 180 ቀልጦ ቀረ።

የድንች ለቀማዎቹን ገጾች ጎረቤቴ አንብበው ጨርሰዋል። የመንደሩ ስም ስለተጻፈ ለአካባቢው መዝገብ ቤት ደብዳቤ እንጻፍ ብለውኛል፤ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ከፍቼ ገበያውን አየሁ። ያችው ስቱዲዮ ውስጥ የቆመችው ልጅ ወጥታለች፣ መብረቁ አሁንም ቀኝ ክንዷ ላይ ነው። የሻጩ ስም ሌላ ነው። ርዕሱ «ብሊትስሜደል፣ ዋርሶ 1943፣ ኦሪጅናል» ይላል፣ 95 ዩሮ። የእኔዋ እኮ ከስፌት መኪናው ሥር ናት፣ ተነስቼ አረጋገጥሁ።