በሐምሌ ዝናብ የተፈተነ ተሳቢ ቤት፦ ከወረታ እስከ ጣና ዳር

ይህ ግምገማ በአገር ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ በትእዛዝ ስለተሠራ፣ በፒክአፕ ስለሚጎተት ተሳቢ ቤት ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 2 ሜትር ሲሆን፣ አጽሙ በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ የብረት ቱቦ) ተበይዶ ከውጭ ላሜራ፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ ለብሷል፤ በሁለቱ መካከል ፎም ገብቶበታል። እኔና ባለቤቴ የኪራይ ቤታችንን ለቅቀን ጠቅላላ ኑሯችንን ወደ እርሱ ስላዛወርን፣ ለሳምንት መጨረሻ ሽርሽር ብቻ ከሚያወጣው ሰው ይልቅ ብዙ እንጠብቅበታለን። በባሕር ዳርና በአካባቢው ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ስለዚህ የበጋውን ምቾት ወደ ጎን ትቼ፣ ከጠዋት እስከ ሌሊት ሲዘንብ በዋለበት የሐምሌ ቀን፣ ከወረታ ተነሥተን ጣና ዳር ባደርንበት ጊዜ ያየነውን እጽፋለሁ።

አጎታተቱ በአመዛኙ የሚያስመሰግን ነው። ስለ መንገዱ ሁኔታ ሾፌሮችን ጠይቀን ከተነሣን በኋላ የጉማራን ወንዝ እስክንሻገርና ከዚያም አልፈን ሐሙሲት እስክንቃረብ ድረስ፣ ውኃ የተኛበት የፎገራ ሩዝ ማሳ አስፋልቱን ከግራና ከቀኝ ይዞት ነበር። እንዲህ ያለ ተሳቢ ሲሠራ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ይፈለጋል፤ ከዚያ ካነሰ በነፋስና በፍጥነት ጊዜ ኋላው መወዛወዝ ይጀምራል፣ ሾፌሩም ሊቆጣጠረው ይቸገራል። ሠሪዎቹ የውኃውን ሮቶ ወደ ኋላ ከመወርወር ይልቅ በትክክል ከአክስሉ በላይ ስላስቀመጡት፣ ሞላም ጎደለም ሚዛኑ አይለወጥም። በግንቦት 2016 የተመረቀውንና 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ስንሻገር ከሐይቁ በኩል የመጣ ነፋስ ጎኑን ሲመታው ቤቱ በባሌስትራው ላይ ትንሽ አዘነበለ እንጂ አልተወዛወዘም።

ፍሬኑን በተመለከተ ግን ይቅርታ የለኝም። ዕቃ ተጭኖና ውኃ ተሞልቶ 1,100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን የለውም፤ የሚያቆመው የፒክአፑ ፍሬን ብቻ ነው። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ያለ ራሱ ፍሬን መንገድ ላይ እንዲወጣ አይፈቀድለትም። በረጠበ አስፋልት ላይ ከፊታችን ላሞች ሲገቡ ቤቱ ከኋላ እየገፋ መምጣቱ በግልጽ ተሰምቶናል፤ ያለፍነውም ቀድሞውኑ በዝግታ እንነዳ ስለነበር ነው። ለማዘዝ ያሰበ ሰው የጓዳ መደርደሪያውን ዓይነት ከመምረጡ በፊት ስለ ፍሬን ይነጋገር።

ያደርንበት ግቢ ከሐይቁ ዳር ሲሆን መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ውኃ ሲጠጣ አብጦ ስለሚላላ፣ ከቤቱ ጋር የመጡት አራቱ የማእዘን ክሪኮች እግራቸው ጠባብ በመሆኑ እየሰመጡ ቤቱን አዘነበሉት። ከሥራቸው ወፍራም ጣውላ ካነጠፍን በኋላ ጸኑ፤ ገረጋንቲ የፈሰሰበት ቦታ ያለው ግቢ ግን ትንሽ ተጨማሪ ቢያስከፍልም ይመረጣል።

ጣሪያው አላፈሰሰም። ላሜራው ያለ መገጣጠሚያ አንድ ወጥ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ፎሙም የዝናቡን ድምፅ ስላፈነው፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በሐምሌ የሚቸግረው መደማመጥ እዚህ አልቸገረንም። ነገር ግን ሌሊት ከእንቅልፍ ስንነቃ ግድግዳው ርሶ፣ ብርድ ልብሱ ረጥቦ አገኘነው። እኔ መስኮቱን ስፈትሽ ባለቤቴ ጣሪያውን በእጇ ዳብሳ «ተው፣ ከውጭ የገባ ውኃ አይደለም፤ የራሳችን ትንፋሽ ነው የሚዘንብብን» አለችኝ። ልክ ነበረች። 1 ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ ከ1 ሊትር ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል፤ ሁለት ሰዎችም ሌሊቱን ሲተነፍሱ ግማሽ ሊትር ያህል ይጨምሩበታል። ሽሮ የተንተከተከበትና እርጥብ ልብስ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል፣ የውጭው አየር ራሱ በእርጥበት በተሞላበት ወቅት፣ ይህን ሁሉ የሚያደርስበት የለውም። ሠሪዎቹ ያስገቡት የአየር መውጫ ጣሪያው ላይ ያለው አንድ ትንሽ ቀዳዳ ሲሆን፣ የዝናብ መከለያ ስላልተሠራለት ዝናብ ሲመጣ መዘጋት ግድ ይሆንበታል። በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚዘጋ መተንፈሻ ምን ይጠቅማል?

ጠብታዎቹ የተደረደሩበት ቦታ ደግሞ ሌላ የአሠራር ጉድለት አሳይቶናል። ፎሙ ባለበት ግድግዳው ደረቅ ነበር፤ ውኃው የታየው ቱቦላሬው በሚያልፍበት መስመር ብቻ ነው። ብረቱ ከውጭው ላሜራ እስከ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ያለ ምንም ክፋይ ስለሚነካ ቅዝቃዜውን ያሻግራል፣ የክፍሉም እንፋሎት እዚያ ላይ ሲያርፍ ውኃ ይሆናል። በብረቱና በኮምፔንሳቶው መካከል ቀጭን ጎማ ወይም ስስ ፎም ቢገባ ወጪው ጥቂት ነው። አልጋውም ድፍን ጣውላ በመሆኑ የፍራሹ ሥር አየር አጥቶ ረጥቧል፤ በርብራብ መሠራት ነበረበት።

ለሸራ ጥላው ግን ምስጋና ይገባዋል። ከበሩ በላይ 2 ሜትር ተኩል ያህል ይዘረጋል፤ አንደኛው እግር ዝቅ ተደርጎ ውኃው ወደ አንድ ወገን እንዲፈስ ከተደረገ መሀሉ ላይ አይቋጥርም። በእርሱ ሥር ምድጃ አውጥተን የዘጌ ቡና አፍልተናል። ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው፣ እንዲህ ባለ ጠባብና የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሳይታወቀው ሊገድል ይችላል። ሠሪዎቹ ቤቱን ሲያስረክቡ ይህን የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር እንኳ በሩ ላይ አለመለጠፋቸው ቅር ያሰኛል፤ ቡና ሳያፈላ የሚኖር ደንበኛ ይኖራቸዋል ብለው አስበው ከሆነ አላውቅም።

ጣሪያው ላይ ያለው ባለ200 ዋት ሶላር በደመናው ምክንያት ከአምፖልና ከስልክ ቻርጅ ያለፈ አልሰጠንም። ለክረምት ከግቢው ሶኬት የሚሳብ ገመድ መያዝ ግድ ነው።

ጉድለቶቹን ለወርክሾፑ በስልክ ስንነግራቸው ሳይከራከሩ ተቀብለዋል። ለጣሪያው ቀዳዳ መከለያ ሊሠሩለትና በሩ ግርጌ ሁለተኛ የአየር ማስገቢያ ሊከፍቱ፣ አልጋውንም በርብራብ ሊለውጡ ተስማምተዋል፤ የፍሬኑን ዋጋ ግን ለብቻው ያስከፍላሉ። ማሸጊያው ሲልኮን በረጠበ ላሜራ ላይ ስለማይይዝ ሥራው የሚጀመረው ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም ነው። እስከዚያው ነፋስ የማያገኘውን መስኮት በጣት ውፍረት ያህል ከፍተን እናድራለን፤ ትንሽ ቢበርድም ግድግዳው ከዚያ ወዲህ ያን ያህል አልራሰም።