የአልጀብራ ማረጋገጫ የቪዲዮ ትምህርት፦ ሁለት ወር ከወንድሜ ጋር ካየነው በኋላ

ታናሽ ወንድሜ ፈተና ላይ «አረጋግጥ» የሚል ቃል ካየ ጥያቄውን ዘሎት ነበር የሚያልፈው። ስሌት አያቅተውም፤ ቅንፍ ይፈታል፣ የጋራውን ያወጣል፣ ችግር የለበትም። ግን «የሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር ምንጊዜም ተጋማሽ መሆኑን አረጋግጥ» ሲባል 3 ሲደመር 5 ስምንት፣ 7 ሲደመር 9 አሥራ ስድስት ብሎ ይጽፍና «ይኸው ተረጋገጠ» ይላል። ማርኩ ዜሮ። ለዚህ ነው ስለ አልጀብራ ማረጋገጫ ብቻ የተዘጋጀ የቪዲዮ ትምህርት ገዝተን ሁለት ወር ያህል አብረን ያየነው። ስሙን ትቼዋለሁ፤ ቅሬታዬ ሌሎች ተመሳሳይ ትምህርቶች ላይም ያየሁት ነውና።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። የመጀመሪያው ክፍል ምንም ማረጋገጫ አያስተምርም። ምሳሌ መደርደር ለምን እንደማይበቃ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ያውም በጥሩ ዘዴ። ሀ² + ሀ + 41 የሚል ይሰጥና በሀ ቦታ ቁጥር እያስገባችሁ ሞክሩ ይላል። 0 ስታስገቡ 41፣ 1 ስታስገቡ 43፣ ከዚያ 47፣ ከዚያ 53። ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር እኩል የማይካፈሉ። ወንድሜ ካልኩሌተር አንስቶ እኔው ራሴ ካልሞከርኩ አለ። 20 አካባቢ ሲደርስ ሰለቸውና «በቃ፣ ሁሌም ይሰራል» ብሎ እጁን አጣጠፈ። እውነትም እስከ 39 ድረስ አንዴም አይስትም፣ አርባ ጊዜ በተከታታይ ማለት ነው። 40 ላይ ግን 1681 ይመጣል፣ እሱ ደግሞ 41 በ41 ሲባዛ ነው። ልጁ ስክሪኑ ላይ ፈጦ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ምሳሌ ጽፎ «ተረጋገጠ» ሲል አልሰማሁትም።

ሁለተኛው ጥሩ ነገር መድረሻውን አስቀድሞ ማጻፉ ነው። ገና ሳትጀምሩ ከገጹ ግርጌ የመጨረሻው መስመር ምን መምሰል እንዳለበት ትጽፋላችሁ። ተጋማሽ ከተባለ 2 ሲባዛ በድፍን ቁጥር፣ የ8 ብዜት ከተባለ 8 ሲባዛ በድፍን ቁጥር። ጥቅሙ የገባኝ (ሀ + 3)² − (ሀ − 1)² የ8 ብዜት መሆኑን አረጋግጡ የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ወንድሜ ሁለተኛውን ቅንፍ ሲፈታ የመቀነስ ምልክቱን የመጀመሪያው ቃል ላይ ብቻ አዋለውና 4ሀ + 10 አገኘ። ድሮ ቢሆን እዚያው ትቶት ይሄድ ነበር። አሁን ግን ግርጌው ላይ «8 ×» የሚል ተጽፎ እያየው ስለሆነ የሆነ ቦታ እንደሳተ ወዲያው ነቃ፣ ተመልሶ ምልክቶቹን አስተካከለና 8ሀ + 8፣ ማለትም 8(ሀ + 1) ላይ ደረሰ። ማንም ሳይነግረው።

ቅሬታዬ መልመጃው ላይ ነው፣ ቀላል ቅሬታም አይደለም። አፑ የሚያርመው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው። ያንኑ የሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ጥያቄ ወንድሜ እንዲህ ሰራው፦ (2ሀ + 1) + (2ሀ + 1) = 4ሀ + 2 = 2(2ሀ + 1)። አፑ አረንጓዴ ምልክት ሰጠው። እዚህ ላይ ግን ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ፊደል ስለተጻፉ የተረጋገጠው አንድ ጎዶሎ ቁጥር ከራሱ ጋር ሲደመር ተጋማሽ መሆኑ ብቻ ነው፤ 3 እና 3፣ 7 እና 7። 3 እና 5ን እንኳን አይነካም። ውሃ አይቋጥርም። ትክክለኛው (2ሀ + 1) + (2ለ + 1) = 2(ሀ + ለ + 1) ነው፣ ከሥሩም ሀ እና ለ ድፍን ቁጥሮች ስለሆኑ ሀ + ለ + 1 ድፍን ቁጥር ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል። አስተማሪው ቪዲዮው ላይ ሁለት ፊደል ይጠቀማል፣ ግን ለምን ሁለት እንዳስፈለገ አንድም ቦታ አይናገርም። ተማሪ ፈተና ላይ ማርክ የሚጥለው በትክክል እዚህ ነው! ለአዘጋጆቹ ጻፍኩላቸው፣ እስካሁን መልስ የለም።

ሌላው፣ የሚያሳያቸው መልሶች ሁሉ ከመጠን በላይ የጠሩ ናቸው። የተሰረዘ መስመር የለም፣ «በዚህ ሞከርኩ አልሄደልኝም» የሚል የለም። ተማሪው ታዲያ መልሱን ወደ መሸምደድ ይሄዳል። ስለ ጂኦሜትሪ የተጨመረው የመጨረሻ ክፍል ለይስሙላ ነው፣ ባታዩትም አይቀርባችሁም።

እንግዲህ ትገዙታላችሁ? የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ለማየት አዎ፣ ሳላመነታ። ልጁን ብቻውን ከመልመጃው ጋር መተው ግን አልመክርም። እኛ የጀመርነው ዘዴ ቀላል ነው፦ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እኔ በየመስመሩ «ለምን?» እለዋለሁ። ሒሳብ ማወቅ አይጠይቅም። ባለፈው ሳምንት የጎዶሎ ቁጥር ካሬ ጎዶሎ መሆኑን ሲያነብልኝ 4ሀ² + 4ሀ + 1 ላይ ደረሰና ቆመ። «ቆይ» አለኝ፣ «ይሄ እኮ 4ሀ(ሀ + 1) + 1 ነው፤ ሀ እና ሀ + 1 ተከታታይ ስለሆኑ አንዳቸው የግድ ተጋማሽ ነው፣ ስለዚህ ካሬው የ8 ብዜት ሲደመር 1 ነው»። ጥያቄው ይህን አልጠየቀውም ነበር።