የሽሮ ሜዳ ጋቢ ለዋጋው ይመጥናል?

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ጋቢ የሚያገላብጥ ገዢ መጀመሪያ የሚያነሳው የዋጋውን ነገር ነው፤ የፋብሪካ ብርድ ልብስ በርካሽ እያለ ይሄ ለምን ይህን ያህል? ጋቢ አራት ንብርብር ነው። ተሰፍቶ ሲያልቅ ርዝመቱ 2.5 ሜትር፣ ስፋቱ 1.6 ሜትር፣ ከሸማኔው እጅ የወጣው ሸማ ወርድ ደግሞ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለአንዱ ጋቢ 20 ሜትር ተሸምኗል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጥጡ ተዳምጧል፣ ተነድፏል፣ በእንዝርት ተፈትሏል።

ሻጭና ገዢ የሚተላለፉት ፈትሉ ላይ ነው። «ሙሉ የእጅ ፈትል» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ጋቢ የእጅ ፈትል የሆነው ማጉ (በወርዱ የሚገባው ክር) ብቻ ነው፤ ድሩ (በርዝመቱ የሚወጠረው) የፋብሪካ ክር ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ድር ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል፤ የእጅ ፈትል ሲሆን እየተበጠሰ ሥራ ያጓትታል። ነውሩ መደበቁ ነው። ገዢ ለሸማኔው አዝኖ አንዴ ይገዛ ይሆናል፤ ሁለተኛ የሚመለሰው ግን ሳይጠየቅ «ድሩ የፋብሪካ ነው» ካለው ሱቅ ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። አንዱን ንብርብር ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት የእጅ ፈትል ማግ አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን ይላል። ከጠርዙ ከድሩም ከማጉም ትንሽ ክር አስመዝዘው ውጭ ወጥተው ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩት የሚበን አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ክር ተኮማትሮ ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሠራል። የሚያብረቀርቅ ጥለት ቢቀልጥ አይግረምዎ፤ ነጩ ከቀለጠ ግን ዋጋ መከራከሩን ትተው ሱቅ ይቀይሩ። ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ማሸትም አይርሱ፤ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከቀረ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሸዋል።

«ታጥቦ አጠረብኝ» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ላላ ብሎ የተሸመነ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። ስለዚህ ከሚፈልጉት አንድ ስንዝር ያህል አስበልጠው ይግዙ። በቀዝቃዛ ውኃ፣ ያለ በረኪና ይታጠብ፤ በረኪና ጥጡን ያሳሳዋል። አራቱ ንብርብር ውኃ ሲጠጣ ከባድ ነው፤ ጠምዝዘው ከጨመቁት የመሀሉ ስፌት ይተረተራል፣ ጠርዙም ይላቀቃል። ሁለት ገመድ ላይ ዘርግተው ያንጠፍጥፉት። የተላቀቀ ጠርዝ መልሶ የሚሰፋ ሱቅ ካገኙ ትንሽ ጨመር አድርጎ መክፈል አያስቆጭም።

ከሸማኔው በቀጥታ የሚያሠራ ሰው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የተሠራ ናሙና አይቶ የጥለቱን ወርድና ቀለም ይስማማ። ለበዓል ከሆነ ትዕዛዙ ቀደም ይበል። በጥምቀትና በፋሲካ ዋዜማ የሚጣደፍ ሸማኔ ማጉን ጠበቅ አድርጎ ለመምታት ፋታ የለውም፤ ሸማው ሳስቶ ይወጣል።