«መቶ በመቶ የተረጋገጠ ካፒቴን» የሚሸጡ የፋንታሲ ቻናሎች፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ፋንታሲ ለምትጫወቱ ሁሉ። ለማያውቀው፦ ፋንታሲ እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጣችሁ የራሳችሁን ቡድን የምትሠሩበት፣ እነሱ በሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ የምታገኙበት ጨዋታ ነው፤ ካፒቴን ያደረጋችሁት ተጫዋች ነጥቡ እጥፍ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ «ቪአይፒ» እያሉ የካፒቴን ምርጫ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። እኔም ከፍዬ ገብቼ ነበር። አትክፈሉ። ለምን እንደምል በአንድ ሳምንት ግጥሚያ ላሳያችሁ። ነገሩ የተገለጠልኝም በዚያው ሳምንት ነው።

አሥር ጓደኛሞች ነን። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲን በሄድ ቱ ሄድ እንጫወታለን። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነን እንገናኛለን፤ አምስት ግጥሚያ ማለት ነው። ያሸነፈ 3 ነጥብ ይወስዳል፣ አቻ የወጣ 1። የሳምንቱ የመጨረሻ ጨዋታ ካለቀ በኋላ ማን ማንን እንዴት እንዳሸነፈ ለግሩፓችን የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ። የእያንዳንዱን ሰው ቡድን እከፍታለሁ፣ ካፒቴኑን አያለሁ፣ ቤንች ላይ የተወውን፣ ማለትም ነጥቡ የማይቆጠርለትን ተቀያሪ፣ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ እያደረግኩ ሳለ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ።

ሹፌሩ ጓደኛችንና አስተማሪዋ 58 ለ 58 ወጡ። አስተማሪዋ ቤንች ላይ 9 ነጥብ ትታ ነበር። አዘነች፣ ግን ይህ ለሁላችንም ይደርሳል፤ እንለፈው።

ታናሽ ወንድሜ ነጋዴውን 71 ለ 49 አሸነፈ። ያሸነፈበት አንድ ተከላካይ ነው። ተከላካዩ ሙሉ ጨዋታ ተጫወተ፣ 2 ነጥብ። ቡድኑ ጎል አልተቆጠረበትም፣ 4 ነጥብ። በኮርና ኳስ በግንባሩ አገባ፣ ለተከላካይ ጎል 6 ነጥብ ነው። ከሜዳው ሁሉ የተሻለ ተብሎ 3 ቦነስ ጨመረ። ድምሩ 15። ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ። ያንኑ ተከላካይ እኔ ዴድላይን (ቡድን መቀየር የሚዘጋበት ሰዓት) ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሸጬው ነበር። ሽጠው ያለኝ የከፈልኩት ቻናል ነው።

የእኔን ግጥሚያ በዝርዝር ልንገራችሁ። የተጋጠምኩት ከነርሷ ጋር ነው። ተረኛ ስለነበረች ቡድኗን ከፍታ አላየችውም። እኔ ደግሞ አንድ ነጻ ዝውውር ነበረኝ። ቻናሉ ግን «ሦስት ቀይር፣ ሂቱን አትፍራው፣ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል» አለኝ። ከነጻው በላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ያስቀንሳል፤ ሂት የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ገና አንድ ኳስ ሳይመታ 8 ነጥብ ከስሬያለሁ። ካፒቴኑ ከአዲሶቹ ገቢዎች አንዱ ነበር። መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፦ «ወንድሜ፣ ዛሬ ዝም ብለህ እመነኝ። ከውስጥ የመጣ መረጃ ነው። መቶ በመቶ።»

የመጀመሪያው አሰላለፍ ወጣ። ካፒቴኔ የለም። ተቀያሪ ነው። አሁንም ተስፋ ነበረኝ። ጭራሽ ካልገባ ምክትሉ ካፒቴን ይሆንልኛልና፣ «ባይገባ ይሻላል» ብዬ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በ88ኛው ደቂቃ ገባ። ኳስ አንድ ጊዜ ነካ። አንድ ደቂቃም ይሁን፣ ከገባ እንደተጫወተ ነው የሚቆጠረው። አገኘ 1 ነጥብ፣ እጥፉ 2። ምክትሌ የሠራው 9 ነጥብ ሳይባዛ እዚያው ቀረ።

ስሌቱን በወረቀት ሠራሁት። የገቡት ሦስቱ ካፒቴኑ ተባዝቶም በድምሩ 6 ነጥብ አመጡ። የሸጥኳቸው ሦስቱ 23 ሠሩ። እኔ 41 አግኝቼ 8 ተቀንሶ በ33 ጨረስኩ። ነርሷ 46። ምንም ሳልነካ ብተወው፣ መጀመሪያ አስቤው የነበረውን ምክትሌን ካፒቴን ባደርገው፣ 67 ይሆንልኝ ነበር። ቡድኗን ያልከፈተችው ሰው ከፍዬ የገዛሁትን ምክር በ13 ነጥብ አሸነፈችው።

እስከዚህ ድረስ «ኳስ ነው፣ ይሆናል» ብዬ ልተወው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የልብስ ሰፊው ጓደኛችን ግጥሚያ ነው።

ልብስ ሰፊው የሒሳብ ሠራተኛዋን 66 ለ 52 አሸነፈ። ካፒቴኑ 13 ሠርቶ 26 ሆኖለታል። እንኳን ደስ አለህ ልለው ደወልኩ። «ቪአይፒው ነው የነገረኝ» አለኝ። የትኛው ቪአይፒ? ስሙን ነገረኝ። የእኔው ቻናል ነው። የከፈልነውም እኩል ነው። እሱ «ቪአይፒ 2» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ነው፣ እኔ «ቪአይፒ 4» ውስጥ። አንዳችን ስለ ሌላችን አናውቅም ነበር፤ ቻናሉ ገና ስንገባ «ለማንም እንዳትናገር» ብሎናልና።

በማግስቱ ተገናኝተን ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን አስቀመጥን። ያው ቀን፣ በደቂቃዎች ልዩነት፣ ያው ቃል፦ «ዛሬ ዝም ብለህ እመነኝ። ከውስጥ የመጣ መረጃ ነው። መቶ በመቶ።» የተጫዋቹ ስም ብቻ ነው የተለየው። እሱ ከዚያ በላይ አሸብልሎ ያለፉትን ሳምንታት አሳየኝ። ሁሉም ሳምንት ይለያያል። እኔ ባሸነፍኩበት ሳምንት እሱ ተሸንፏል። ከሁለቱ የሠራው ብቻ ነው ለሕዝብ ክፍት በሆነው ቻናል ላይ በስክሪንሹት የሚለጠፈው። ያልሠራው ይጠፋል።

አሠራሩ ይህ ነው። 64 ሰው ከፍሏል እንበል። በአራት ግሩፕ ይከፍላቸዋል፣ ለአራቱም የተለያየ ካፒቴን ይሰጣል። አንዱ ሊሠራ ይችላል። 16 ሰው «እውነትም ያውቃሉ» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያን 16 ሰዎች እንደገና ለአራት ይከፍላቸዋል። አራት ሰው ሁለት ጊዜ በተከታታይ ልክ ሆኖ ያገኘዋል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ይቀራል። ያ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልተሳሳተ ቻናል በዓይኑ አይቷል። ሳይከፈለው ይመሰክርላቸዋል፣ ጓደኞቹን ይጎትታል። እየዋሸ አይደለም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። እኔን ያስገባኝም እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ አልቀየመውም።

ስለ ካፒቴን እርግጠኛ መሆን የሚባል ነገር የለም። በ2024/25 ሲዝን ሞሐመድ ሳላህ 29 ጎልና 18 አሲስት ይዞ በ344 የፋንታሲ ነጥብ ጨረሰ፤ በጨዋታው ታሪክ ከዚያ በላይ የሠራ አልነበረም። ያ ሰው በ3ኛው ሳምንት ኦልድ ትራፎርድ ላይ አንድ አግብቶ ሁለት አቀበለ። በ4ኛው ሳምንት ሊቨርፑል በሜዳው ኖቲንግሃም ፎረስትን አስተናገደ። ከዚያ የተሻለ የካፒቴን ምርጫ ማን ያመጣል? ሊቨርፑል 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ሳላህም አላገባም። በታሪክ ምርጡ ሲዝን ላይ ያለ ሰው እንኳ እንዲህ ሊያልፍበት ይችላል። «መቶ በመቶ» የሚላችሁ ሰው ወይ ጨዋታውን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻችኋል።

«ከውስጥ የመጣ መረጃ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዴድላይኑ የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል። አሰላለፍ በይፋ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሾልኮ የሚወጣ ወሬ አንዳንዴ እውነት ይሆናል፣ አንዳንዴ ውሸት። እውነት ሲሆንም በየማኅበራዊ ሚዲያው በነጻ ይዞራል። የሚሸጡላችሁ እሱኑ ነው።

ለማጣራት ቀላል መንገድ አለ፤ እኔ ዘግይቼ ነው የሞከርኩት። በፋንታሲ የማንም ሰው ቡድን ዴድላይን ካለፈ በኋላ ለሁሉም ክፍት ነው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ቁጥርና ሊንክ አለው። ያንን ስትከፍቱ የየሳምንቱን ነጥብ፣ የተወሰደውን ሂት፣ ደረጃውን፣ ዋይልድካርድ (ነጥብ ሳይቀነስ ሙሉ ቡድን መቀየሪያ) የተጠቀመበትን ሳምንት ሁሉ ታያላችሁ። ምንም ልትደብቁበት አትችሉም። ስለዚህ ምክር የሚሸጥላችሁን ሰው አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ የቡድንህን ሊንክ ላክልኝ። ስክሪንሹት ከላከላችሁ አትቀበሉ። ስክሪንሹት ላይ ቁጥር መቀየር ለልጅም አይከብድም። እኔ ሊንኩን ስጠይቀው መጀመሪያ ስክሪንሹት ላከ። ደግሜ ስጠይቀው «አታምነኝም ማለት ነው?» አለኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው ብሎክ አደረገኝ። የወሩ ክፍያዬ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረው ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን ጸጉር አስተካካዩ ጓደኛችን ላይ የደረሰው ነው። እሱ በዚያው ሳምንት በተማሪው 62 ለ 38 ተሸንፏል። ነጥቡ አይደለም የሚያናድደው። ሥራ ስለሚበዛበት «ቡድንህን እኛ እናስተዳድርልህ» ሲሉት እሺ አለ። ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን ሰጣቸው። ሳይጠይቁት ዋይልድካርዱን ተጠቀሙበት። ዋይልድካርድ በሲዝኑ ግማሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ አንዴ ካረጋገጡት አይመለስም። ለወራት በትዕግሥት የገነባውን ቡድን በአንድ ሌሊት አፈረሱት። በትንሽ ዋጋ ገዝቶ ዋጋቸው የጨመረ ተጫዋቾች ነበሩት። እነዚያን ከተሸጡ በኋላ መልሶ ሊገዛ ሲል በጀቱ አልበቃም፤ ስትሸጡ ከጭማሪው ግማሹን ብቻ ነውና የምታገኙት። ስልኩን ይዞ ዝም ብሎ ሲያየው አየሁት። በጣም አዘንኩለት።

ያ የይለፍ ቃል ደግሞ ለኢሜይሉም የሚጠቀምበት ነበር። ይህን ሲነግረን ሁላችንም ደነገጥን። አስተማሪዋ ወዲያው ስልኩን ተቀብላ ሁሉንም አብራው ቀየረች። እስካሁን ሌላ ነገር አልጠፋበትም። እናንተም እንዲህ አድርጋችሁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቁ። የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል መጀመሪያ ቀይሩ፣ ከዚያ የፋንታሲውን፣ ከዚያ ተመሳሳይ ቃል ያለበትን ሁሉ።

«የመግቢያ ክፍያ ከፍላችሁ ግቡ፣ አሸናፊው ሁሉን ይወስዳል» የሚሉ የማታውቋቸው ሰዎች ሊጎችም አሉ። ስለ እነዚህ ብዙ አልልም። ጨዋታው ነጻ ነው። የራስን ሊግ መክፈትም ነጻ ነው፣ ኮዱን ለጓደኛ መላክ ብቻ ነው። ገንዘቡን የሚይዘውን ሰው በአካል ካላወቃችሁት አትስጡት።

ሌላው የሚያስቆጨኝ፣ የከፈልኩበት ነገር ሁሉ ደጄ ላይ ነበር። ጨዋታው ራሱ የተጎዳውን ተጫዋች በቢጫና በቀይ ምልክት ያሳያል፤ የመጫወት ዕድሉን 75፣ 50 ወይም 25 በመቶ ብሎ ይጽፋል። ፔናልቲና ኮርና ማን እንደሚመታ ይዘረዝራል። የመጪዎቹን ጨዋታዎች ክብደት በቀለም ለይቶ ያስቀምጣል። አሠልጣኞቹ ከጨዋታ በፊት መግለጫ ይሰጣሉ። ያን ሳምንት የገዛሁት ካፒቴን ስሙ አጠገብ ቢጫ ምልክት ነበረው። አይቼዋለሁ። ቻናሉን ስጠይቀው «ለማታለል ነው፣ ይጀምራል» አለኝ። ዓይኔ ያየውን ትቼ እሱን አመንኩት።

ከፍላችሁ ከሆነ መልእክቶቹን አታጥፉ። እነሱ ሊያጠፉት ስለሚችሉ አሁኑኑ ስክሪንሹት አንሱ። ከዚያ ቻናሉ ውስጥ ያለ የምታውቁት ሰው ካለ ደውሉለትና ምን ካፒቴን እንደተሰጠው ጠይቁት። እኛ ሁለታችን አንድ ቀን ቀደም ብለን ብንነጋገር ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። የመክፈያ መንገዳችሁ በየወሩ በራሱ የሚቆርጥ ከሆነም አቋርጡት። ልብስ ሰፊው ያሸነፈ ቢሆንም አቋርጧል።

በሚቀጥለው ሳምንት እኔና እሱ ነን የምንጋጠመው። ሁለታችንም ካፒቴናችንን ራሳችን መርጠናል። ዴድላይን እስኪያልፍ አይነግረኝም፣ እኔም አልነግረውም።