የሄሪንግን ፈረስ ልግዛ ወይስ የሃሪ ሆልን?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የተሣለ የእሽቅድምድም ፈረስ ፍለጋ ከወጣችሁ፣ ሁለት የሠዓሊ ስም ደጋግሞ ያጋጥማችኋል፦ ጆን ፍሬድሪክ ሄሪንግ (1795–1865) እና ሃሪ ሆል (1814–1882)። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ሲገዙ ግን ይለያያሉ።

ሄሪንግ መጀመሪያ ሠረገላ ነጂ ነበር። ዶንካስተር ከተማ ኖሯል፤ እዚያ የሚካሄደውን የሴንት ሌጀር የፈረስ ውድድር አሸናፊዎች ለ33 ዓመት በተከታታይ ሣለ። ልጓም ይዞ የኖረ ሰው እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ዳማ ፈረስ ሲሥል ብርሃኑ ጎኑ ላይ እንደ ሐር ይተኛል። ዋጋውም እንደ ስሙ ከበድ ይላል።

ጣጣው ያለው ስሙ ላይ ነው። ልጁም ጆን ፍሬድሪክ ሄሪንግ ነው የሚባለው፤ እሱም ፈረስ ይሥል ነበር። አባትየው ከ1830ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፊርማው ላይ "ሲኒየር" የሚል የጨመረው ለዚህ ነው። እና "ሄሪንግ" የሚል ፊርማ ስላያችሁ ብቻ የአባትየውን ዋጋ እንዳትከፍሉ።

ሆል የኖረው የእንግሊዝ ፈረሰኞች መናኸሪያ በሆነችው ኒውማርኬት ነው። ፈረሱን በጎን ያቆመዋል፣ ጋጣ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ። ሰማዩ ላይ ብዙ አይደክምም። ደረቱን፣ ጭኑን፣ የእግሩን አጥንት ግን አንድ በአንድ ያስቀምጠዋል። ብዙውን ጊዜ ከሄሪንግ በርከስ ያለ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከተጎዳ ሄሪንግ ንጹሕ ሆል ይሻላል። ንጹሕነቱን ለማወቅ መጀመሪያ ኮቴውን እዩ። ሥዕሉ ከልክ በላይ ተጠርጎ ከሆነ፣ ኮቴው ሣሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ያለው ስስ ጥላ ይጠፋል። ፈረሱ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ቀጥሎ ክፍሉን አጨልማችሁ የአልትራቫዮሌት ባትሪ አብሩበት፤ በኋላ የተቀባ ቀለም ብዙ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ገልብጡት። ሸራው ላይ የቀለምና የሸራ ድርጅቱ የዊንዞር እና ኒውተን ማኅተም ካለ፣ ድርጅቱ የተቋቋመው በ1832 ነው። ፊት ለፊቱ "1825" ተብሎ ከተጻፈ ሻጩ ማስረዳት አለበት። አሮጌ ሸራ በአዲስ ሸራ ተደግፎም ሊሆን ይችላል።

የፈረሱ ስም መታወቁ ዋጋ ይጨምራል። ግን ስም በኋላም ይጻፋል። ቦራ ነው? የትኛው እግሩ ነጭ ነው? ጆኪው (ጋላቢው) የለበሰው ቀለም የፈረሱ ባለቤት መለያ ነው? እነዚህን ከዘመኑ የውድድር መዝገብ ጋር አስተያዩ። አራቱም እግሮቹ ፊትና ኋላ ተዘርግተው የሚበር ቢመስል ግን አትጠራጠሩ። ፎቶ አንሺው ማይብሪጅ የፈረስ ግልቢያ እንደዚያ አለመሆኑን በ1878 በፎቶ እስኪያሳይ ድረስ ሠዓሊዎቹ ግልቢያን የሚሥሉት እንደዚያ ነበር።

ለሁለቱም አቅም ከሌለ በሄሪንግ ሥዕሎች የተሠሩ፣ በእጅ የተቀለሙ የዚያው ዘመን ህትመቶች አሉ። በጣም ያምራሉ። ቫርኒሽ ተቀብቶ "የዘይት ቀለም ነው" ከተባላችሁ ግን ማጉያ መነጽር አውጡ። ከቀለሙ ሥር ጥቃቅን የህትመት ነጠብጣብ ከታያችሁ፣ የህትመት ዋጋ ብቻ ክፈሉ።